ሰርቨሩ ሲበላሽ ማንን ትጠራላችሁ?

(ባለፈው እሑድ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ ለተሰበሰቡ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ ከቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። ከሞላ ጎደል እንደተነገረ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

አልተሰማኝም። ከኋላ ያላችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ? እ… አሁን ደህና ነው።

እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከገላን የመጣችሁ አላችሁ፣ ከቂሊንጦ አላችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ አላችሁ። ከለገጣፎ የመጡም አይቻለሁ። እነሱ ግማሽ ቀናቸውን ታክሲ ውስጥ ነው የጨረሱት፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ወሬ ባበዛ ይቀየሙኛል።

ርዕሱን ታውቁታላችሁ፤ በየጊዜው እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ ነው። "ስቱዲዮ ውስጥ ሁላችንም በኔትዎርክ የምንገባበት፣ ፋይሎቻችንን አንድ ቦታ የሚይዝልን ሰርቨር እንፈልጋለን። እነ ሲኖሎጂን፣ እነ ኪውናፕን፣ ተገጣጥመው የሚመጡትን እንግዛ? ወይስ ዕቃውን ከመርካቶ ለቃቅመን ራሳችን እንገጣጥም?"

መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ዋጋውን መጀመሪያ አትጠይቁ። ፍጥነቱንም መጀመሪያ አትጠይቁ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኼ ነው፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ይህን ከመለሳችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ምን ያህል ነው የምታስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ማን ይጠግነዋል። ሦስተኛ፣ መብራት። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛውን በሒሳብ እንጨርሰው። ካሜራችሁ ፎርኬ በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት ከቀረጸ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል። ሁለት ካሜራ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከሙሽሪት ቤት እስከ ኬክ ቆረሳ እያንዳንዱ አምስት ሰዓት ቢቀርጽ 450 ጊጋ ነው። ድሮኑን አልጨመርኩም። ጥር ላይ አሥር ሠርግ ከያዛችሁ አራት ቴራ ተኩል ሆነ። ከዚያ ጾም ይገባል፤ ቁጭ ብላችሁ ኤዲት የምታደርጉት ያኔ ነው። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ሌላው ዙር ይጀምራል። በዓመት ስንት ቴራ እንደሚሆን እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ አስሉት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያንን 450 ጊጋ በተለመደው ጊጋ ቢት ኬብል ወደ ሰርቨር ብትገለብጡት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የተገዛም ይሁን የተገጣጠመ ለውጥ የለውም፤ የሚይዘው ኬብሉ ነው። በዋይፋይ ካደረጋችሁት ግን ማታ ጀምራችሁ ተኙ። ስለዚህ ሰው "የኔ ሰርቨር ፈጣን ነው" ሲላችሁ በምን ኬብል ነው በሉት።

አሁን እጅ አውጡልኝ። የድሮ ሠርጎቹ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሆነው ካርቶን ውስጥ የተቀመጡበት ሰው ማነው?

አያችሁ? አትሳቁ፤ ሁላችንም ነን።

ቃሊቲ በኩል የማውቀው ፎቶ ቤት አለ። ዲስኮቹን የብስኩት ካርቶን ውስጥ ደርድሯቸዋል። በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ "ጥር 1"፣ "ጥር 2" ይላል፤ ሦስቱ ላይ ደግሞ "ልዩ ልዩ" ይላል። አንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ አንዲት ሴት ገባች። ከተዳረች ቆይታለች። "አባዬ ዐርፏል፤ ከቤት ስወጣ የመረቀኝን ብቻ ፈልጉልኝ" አለች። ሠርጓ የተሰጣት በሲዲ ነው፤ ሲዲው ተጭሯል። ባለቤቱ ካርቶኑን አወረደ። ዲስኩን ሰካው። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… ከዚያ ዝም። ሌላ ኬብል ቀየረ፤ ያው ነው።

የልጅቷን ፊት አልነግራችሁም። ያዳናቸው ኤዲተሩ ነው። ያንን ምርቃት ለደንበኛ ሳምፕል ብሎ ላፕቶፑ ላይ አስቀርቶት ኖሯል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጄኔሬተር ከጎን ስለነበር ድምፁ ይንጫጫል። "ውለዱ፣ ክበዱ" ሲሉ ግን ይሰማል። ቆማ ነው ያየችው፤ ወንበር ስንሰጣት እንኳን አልተቀመጠችም።

እንግዲህ ሰርቨር የምንለው ነገር ለዚህ ነው። ላፕቶፕ ላይ በዕድል ለሚገኝ ነገር ቦታው የት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ማን ይጠግነዋል?

ተገጣጥሞ ከሚመጣው ልጀምር። እውነቱን እንነጋገር፤ አሪፍ ዕቃ ነው። ሲኖሎጂ የታይዋን ኩባንያ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ አይጮኽም። ሁለት ዲስክ ትከቱበታላችሁ፣ በብሮውዘር ትገባላችሁ፣ ጠይቆ ጠይቆ ራሱ ይጨርሳል። ዲስክ መታመም ሲጀምር ኢሜይል ይልክላችኋል። ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቅ ፎቶ አንሺ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ማታ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህን የሚያጣጥል ቴክኒሻን ካጋጠማችሁ የራሱን ሥራ እየሸጠላችሁ ነው።

ሲበላሽስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ገላን አካባቢ አንድ ስቱዲዮ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ገዝቶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቻርጀሩ ነደደ። ሳጥኑ ደህና ነው፣ ዲስኮቹ ደህና ናቸው፣ የነደደው ጥቁሯ አዳፕተር ናት። የሸጠለት ሰው "ከዱባይ ሰው ሲመጣ አስመጣልሃለሁ" አለው። ሙሽሮቹ አልበም እየጠየቁ ሰውየው ከዱባይ ሰው ይጠብቃል! ሲደውልልኝ ሄድኩና አዳፕተሯን ገልብጬ አየኋት። 12 ቮልት ይላል። አምፔሩን አየሁ፣ ከሶኬቱ ውስጠኛው ፖዘቲቭ መሆኑንም አየሁ። ሴኩሪቲ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። እዚያ 12 ቮልት ሞልቷል። ቮልቱ አንድ ዓይነት፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ፣ ጫፉ ልክክ የሚል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ያልተገለበጠ። ሰካነው፣ ተነሣ። ያን ዕለት ማታ አልበሙን ላከ።

ይህን የማወራው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። የሳጥኑ ድክመት የት እንዳለ ለማሳየት ነው። አዳፕተሩ ተገኘ። ማዘርቦርዱ ቢሆንስ? ማዘርቦርዱ መርካቶ የለም። የትም ተራ ብትዞሩ የለም። ያኔ ሌላ ሳጥን መግዛት ነው።

ግን አትደንግጡ። ብዙ ሰው "ሳጥኑ ከሞተ ፋይሌም ሞተ" ይላል፤ እንደዚያ አይደለም። ሲኖሎጂ ውስጡ ሊኑክስ ነው። ዲስኮቹን አውጥታችሁ ኡቡንቱ የተጫነበት ተራ ዴስክቶፕ ላይ ብትሰኳቸው ፋይሉ ይነበባል። አሠራሩን ራሱ ኩባንያው ጽፎታል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል እንጂ ተዓምር አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። ተገጣጥሞ የመጣ ዕቃ ስትገዙ የኩባንያውን ሐሳብም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ሲኖሎጂ በ2025 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ አካባቢ አዲሶቹ የፕላስ ሞዴሎች እሱ ያጸደቃቸውን ዲስኮች እንዲጠቀሙ ብሎ ነበር። ዓለም ጮኸበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአዲሱ ሶፍትዌሩ መለስ አለ። እስቲ አስቡት፤ እዚህ የተገኘውን ዲስክ መግዛት ለእኛ ምርጫ ነው ወይስ ግዴታ? ውሳኔው ባይመለስ ኖሮ በር ተዘግቶብን ነበር።

ደግሞ የ2022 እ.ኤ.አ. ጥርን የሚያስታውስ አለ? ዴድቦልት የሚባል ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ ክፍት የተተዉ የኪውናፕ ሳጥኖችን እየገባ ፋይል ቆለፈ። ለመክፈቻ 0.03 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ጥፋቱ የሳጥኑ ብቻ አይደለም። ራሳችሁ የገጣጠማችሁትንም ለኢንተርኔት ክፍት ከተዋችሁት ያው ነው። "ቤቴ ሆኜ በስልኬ ልየው" ስላላችሁ ራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ የሚያስገባ በር፣ አትክፈቱ። አትክፈቱ! እባካችሁ አትክፈቱ።

አሁን ራሳችን ወደምንገጣጥመው እንምጣ።

ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ስላሽ የምንለው፣ በየቦታው አለ። ሶፍትዌሩ በነጻ ነው። ትሩናስ አለ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ፍሪናስ ተብሎ አንድ ፈረንሳዊ የጀመረው ነው። 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ማሽኑ ደከም ያለ ከሆነ ኦፕን ሚዲያ ቮልት አለ፤ ዴቢያን ላይ የተሠራ ነው፣ በትንሽ ራም ይሄዳል። አንሬይድም አለ፤ እሱ ይከፈልበታል።

የትሩናስ ትልቁ ነገር ዜድኤፍኤስ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሠራው የፋይል አያያዝ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ሲጽፍ የማረጋገጫ ቁጥር አብሮ ይጽፋል። ሲያነብ ቁጥሩ ካልገጠመ "ይኼ ተበላሽቷል" ይላል፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ደህናው ካለ ራሱ ያስተካክለዋል። ለምን ይጠቅመናል? ዲስክ ሳይጮኽ፣ ሳይናገር፣ ቀስ እያለ ፎቶ ያበላሻል። ፎቶውን ከፍታችሁ ግማሹ ግራጫ ሆኖ አይታችሁ አታውቁም? አንዱ ምክንያቱ እሱ ነው።

ራስ የመገጣጠም ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል ነገ ጠዋት ይገኛል። ራሙ ይገኛል። ማዘርቦርዱ ቢሞት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ዲስኮቹን ሰክታችሁ ዜድኤፍኤሱን "አስገባ" ትሉታላችሁ፤ የድሮውን ማሽን አይጠይቅም። ከዱባይ የሚጠበቅ ሰው የለም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ዋጋ ብጠራ ለሳምንት አይሆንም፤ ስለዚህ አልጠራም።

እንግዲህ "ከሆነማ እንገጣጥም!" አላችሁ በልባችሁ። ቆይ።

አንድ ትምህርት ቤት ጠርቶኝ ሄድኩ። ስሙ ይቅር፤ በዚሁ በእኛ አቅጣጫ ነው። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ነው። አቧራ ጠጥቷል፤ ምንም አልተጻፈበትም። ማን ሠራው? "አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር።" የት ነው? "ካናዳ ሄዷል።" ፓስወርዱስ? ሁሉም ተያየ። ጸሐፊዋ "ልጁ ያውቀው ነበር" አለች። ልጁ ያውቀው ነበር! ዋትስአፕ ላይ ጻፍንለት። እዚያ ሌሊት ነው፤ በማግስቱ መለሰ፤ ሁለት ፓስወርድ ላከ፣ ሁለቱም አልሠሩም። እግዚአብሔር ይስጠው ዲስኩን ራሱን በፓስወርድ አልቆለፈውም ነበር። ዲስኮቹን አውጥተን ሌላ ማሽን ላይ አስገባናቸው፤ የተማሪዎቹ ውጤት ሁሉ ተገኘ። ቆልፎት ቢሆን ግን ዛሬም ካናዳ እየደወልን ነበር።

ልጁ ሥራው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ነው የጎደለው፦ ወረቀት። የትኛው ሶፍትዌር ነው? ፓስወርዱ ማን ጋ ነው? የትኛው ዲስክ ከየትኛው ጋር ነው? አድራሻው ስንት ነው? አንድ ገጽ ይበቃል። ፓስወርዱን ለብቻው ካዝና ውስጥ፣ ቀሪውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ የኬዙ ውስጠኛ በር ላይ ለጥፉት። ዲስኮቹን አንድ፣ ሁለት ብላችሁ የሲሪያል ቁጥራቸውን ጻፉ። አንዱ ሲበላሽ ደህናውን ነቅላችሁ እንዳትጥሉ።

ስለዚህ ምን እላለሁ? ስቱዲዮው ውስጥ የሚቆይ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ማለትም አንዱ ሸሪክ ወይም ባለቤቱ ራሱ፣ ይገጣጥም። ለእኛ አገር ይሻላል፤ አፌን ሞልቼ እላለሁ። የሚያውቀው ተቀጣሪው ብቻ ከሆነ ግን አትገጣጥሙ። ተቀጣሪ ይሄዳል፤ የተሻለ ሲያገኝ ቢሄድ ደግሞ መብቱ ነው። ያኔ ተገጣጥሞ የመጣውን ባለሁለት ዲስክ ግዙና አንድ ተጨማሪ አዳፕተር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። "የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ይወዳል" የሚባለውም ሰው አይቆጠርም። ይቅርታ፣ የወንድማችሁን ልጅ አላውቀውም፤ ግን አይቆጠርም።

ሦስተኛው፣ መብራት።

መብራት ሲጠፋ አይደለም የምንጎዳው፤ ሲመለስ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ይህንን ማንም አይነግረንም። ሲመለስ ዘሎ ይመጣል፣ ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ ይሄዳል። ሰርቨሩ ሊነሣ ሲል ይወድቃል፣ ሊነሣ ሲል ይወድቃል። ዲስኩ እየጻፈ ከሆነ ፋይሉ ግማሽ ይሆናል።

ስለዚህ ዩፒኤስ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን። ያለ ዩፒኤስ ሰርቨር አትግዙ፣ አትገጣጥሙም። ግን ዩፒኤሱን ገዝቶ ማስቀመጥ አይበቃም። ከኋላው የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ በኬብል ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት። ሲኖሎጂም ትሩናስም ይህን ያውቃሉ። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲደክም ዩፒኤሱ ይነግረዋል፣ ሰርቨሩ በሥርዓት ራሱን ይዘጋል። ያንን ቀጭን ኬብል ስንቱ ነው ከካርቶኑ ሳያወጣ የሚጥለው! ለገጣጠማችሁት ደግሞ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ አድርጉት፤ አለዚያ ከእንቅልፋችሁ ተነሥታችሁ ማብራት ነው።

እዚህ ላይ ተገጣጥሞ የመጣው ይበልጣል፤ ሐቁን ልናገር። ባለሁለት ዲስኩ ሳጥን 20 ዋት አካባቢ ይበላል። አሮጌ ዴስክቶፕ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ እንኳን የዚያን እጥፍ፣ አንዳንዱ ሦስት እጥፍ ይበላል። ያው ዩፒኤስ አንዱን ረጅም ያቆያል፣ ሌላውን ቶሎ ይጥላል።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ወንድማችን ቅድም በር ላይ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዲስኩ ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ በስስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አብዛኛው ተራ ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል ተብሎ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ 2,300 ምናምን ናት፤ አትፍሩ። እንጦጦ አናት ላይ ስቱዲዮ ያለው ካለ ግን 3,200 ይደርሳልና እሱ ሂሊየም የተሞላውን፣ የታሸገውን ዲስክ ይፈልግ። ለቀሪዎቻችን ጠላታችን ከፍታው ሳይሆን አቧራው ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ እዚሁ ነው የሚጀምረው፤ የጭነት መኪናውን እናንተው ታዩታላችሁ። ሰርቨሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ማራገቢያውን በየጊዜው አጽዱ።

ስለ ዲስኩ ራሱ በአጭሩ። ስትገዙ ሲኤምአር ነው ወይስ ኤስኤምአር ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት የአጻጻፍ ዓይነቶች ናቸው። ሲኤምአር መረጃውን ጎን ለጎን፣ ኤስኤምአር ደግሞ ደራርቦ ነው የሚጽፈው፤ ኤስኤምአሩ ዲስክ ተቀይሮ እንደገና ሲሞላ በጣም ይንቀራፈፋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለሰርቨር ብሎ በሚሸጣቸው አንዳንድ ሬድ ዲስኮች ውስጥ ኤስኤምአር እንዳለ ሳይገልጽ ቆይቶ ሰው ደረሰበት። ዛሬ ሲኤምአሩን ሬድ ፕላስ ብሎ ለይቶታል፤ ፕላሱን ውሰዱ።

ደግሞ ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ነገር ያዙ ማለት ባክአፕ አለን ማለት አይደለም። ኤዲተሩ ተሳስቶ ፎልደር ቢሰርዝ ከሁለቱም ይሰረዛል። ሌባ ቢመጣ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር፣ የእኛው ሙያ ሰው ነው፣ ደንቡን በሦስት ቁጥር አስቀምጦታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ሲባል ክላውድ ነው እንዳትሉ፤ አራት ቴራ በእኛ ኢንተርኔት ስትሰቅሉ የሚቀጥለው ጥር ይደርሳል። አብዛኞቻችን ከመሀል ከተማ ነው ወደዚህ ዳርቻ የገባነው። እናታችሁ አሁንም ሽሮ ሜዳ ናቸው? አንዱን ዲስክ እሳቸው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። በየወሩ ስትጠይቋቸው ቀይሩት። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

እሺ፣ ጥያቄ። አዎ፣ እህታችን።

"አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ፤ ባለቤቴ ኔትዎርክ ይሠራል። ልጠቀምበት?"

ተጠቀሚበት። ባለቤትሽ እስካለ ድረስ የሚጠግነው ሰው ቤትሽ ውስጥ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን ቀይሪው፤ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ዲስኩን አዲስ ግዢ። ገበያ ላይ ከሴኩሪቲ ካሜራ የወጡ ዲስኮች "እንደ አዲስ ነው" ተብለው ይሸጣሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዊንዶውስ ላይ ጫኚውና የሠራበትን ሰዓት እዪ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይላል። 30,000 ካለሽ "እንደ አዲስ" ያለሽን ሰውዬ አሳዪው። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" የሚለው፣ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥረው መስመር ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካየሽ ደግሞ ገንዘብሽን አታውጪ። ወረቀቷንም አትርሺ፤ ባለቤትሽ ቢሆንም ይጻፍ።

ላፕቶፔን ይዤ መጥቻለሁ። ኤክስተርናል የያዛችሁ ካላችሁ አምጡ፤ አሁን አንድ በአንድ እናነባቸዋለን። ጠቅ ጠቅ የሚል ካለ ግን እንዳትሰኩት፤ መጀመሪያ ለኔ ንገሩኝ።